የማማው ተረኛ ማነው?

ማሽላ እሸት ሲይዝ የወፉም የዝንጀሮውም ዓይን ማሳው ላይ ያርፋል። ያን ጊዜ የይፋቱም የራያውም የሐረርጌውም ገበሬ አራት ቋሚ ይተክላል፣ ይረበርብበታል፣ ከፀሐይ የሚከልል አገዳ ጣል ያደርግበትና ማማ ይሠራል። ማማው ላይ ወንጭፍ የያዘ ልጅ ይወጣል። ግሪሳው ከጎህ ጋር ስለሚነሣ ልጁ ከጎህ ቀድሞ ይነሣል። ወፉ ሲመጣበት ይጮሃል፣ ድንጋዩን ያስወነጭፋል፤ የጎረቤት ማሳ ጠባቂ ጩኸቱን ሰምቶ ይቀበለዋል፣ ቀጥሎ ያለውም እንዲሁ። አባት ሌላ ሥራ ላይ ነው፤ እናት ጓዳዋን ይዛለች። የዓመቱ እንጀራ በዚያ ልጅ ዓይንና ጉሮሮ ተይዞ ይሰነብታል።

የሰው ልጅ ከዚህ ማማ የረዘመ ብዙ ግንብ ሠርቷል። በድንጋይ፣ በጡብ፣ በብረት ገንብቷል፤ ወታደርም ነቢይም መለከት ነፊም ወጥቶበታል። ቁመቱና ዘመኑ ይለያይ እንጂ የሁሉም መሠረት አንድ ውል ነው። ከላይ ያለው ነቅቶ ያያል፤ ያየውን በጊዜውና በእውነቱ ይናገራል፤ ከታች ያለው ሲነገረው ይሰማል፤ ጠባቂው ሲደክም ተረኛ ይተካዋል። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ ግንቡ የድንጋይ ክምር ነው። ይህ ጽሑፍ ጥሪ ነው፤ የሚጠራውም ዛሬ ተራው የደረሰውን ትውልድ፣ ተራውን ገና ያላስረከበውን ታላቅም ጭምር፣ ወደዚህ ውል ነው።

ግንብ ብቻውን አያይም

በኢያሪኮ ከ10,000 ዓመት በፊት ገደማ የተሠራ የድንጋይ ግንብ አለ። እንግሊዛዊቷ አርኪዮሎጂስት ካትሊን ኬንየን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ቆፍራ ያወጣችው ይህ ግንብ ቁመቱ 8.5 ሜትር ያህል ሲሆን፣ በውስጡ 22 የድንጋይ ደረጃዎች አሉት። ጠላትን ለመጠበቅ ነው፣ ጎርፍን ለመመከት ነው፣ ለአምልኮ ነው እየተባለ ሊቃውንቱ እስካሁን ይከራከሩበታል። ክርክሩ የማይነካው አንድ ነገር ግን አለ። የሸክላ ዕቃ መሥራት እንኳ ገና ያልጀመሩ ሰዎች ተባብረው፣ ማንም ብቻውን ሊያነሣው የማይችለውን ሥራ ለጋራ ጥቅም አቁመዋል። የመንደር ኑሮ ገና ከጅምሩ እንዲህ ያለ የጋራ ሸክም ነበረበት ማለት ነው።

በቻይና ታላቁ ግንብ ላይ የተደረደሩት የጥበቃ ማማዎች ቀን በጭስ፣ ሌሊት በእሳት ይነጋገሩ ነበር። በሚንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን የጭሱና የመድፉ ብዛት የመጣውን ጠላት ብዛት ይናገር ነበር። ወሬው ከፈረስ ይፈጥናል፤ ፍጥነቱ ግን የሚጠቅመው እውነት ሲሆን ነው። ቻይናውያን ስለዚህ የሚያወሩት አንድ የቆየ ታሪክ አላቸው። የዡ ሥርወ መንግሥት ንጉሥ ዮው የሚወዳት ሴት አልስቅ ብትለው፣ እሷን ለማሳቅ ሲል የማስጠንቀቂያውን እሳት በከንቱ አስለኮሰ ይባላል። መሳፍንቱ ጦራቸውን ይዘው እየጋለቡ ደረሱ፤ ጠላት የለም፤ ሴትዮዋ ሳቀች። ንጉሡ ደጋገመው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ771 ዓመት ጠላት በእርግጥ ሲመጣ እሳቱ ነደደ፣ የመጣ ግን አልነበረም፤ ንጉሡም ተገደለ። የታሪክ ተመራማሪዎች እሳቱን የሚመለከተውን ክፍል ይጠራጠሩታል፤ የንጉሡ መገደልና የምዕራብ ዡ መውደቅ ግን እውነት ነው። ታሪኩ ይህን ያህል ዘመን የተወራው የውሸት ጩኸት ዋጋ ምን እንደሆነ ስለሚያውቅ ይመስለኛል፤ የሚዋሽ ጠባቂ የሚሰርቀው የነገውን ጆሮ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው ግን በለኪሶ የተገኘው የሸክላ ስባሪ ነው። እንግሊዛዊው አርኪዮሎጂስት ጀምስ ስታርኪ እ.ኤ.አ. በ1935 በጥንታዊቷ የይሁዳ ከተማ ፍርስራሽ ሲቆፍር በቀለም የተጻፈባቸው የሸክላ ስባሪዎች አገኘ። ዘመናቸው ባቢሎናውያን ይሁዳን ሊያጠፉ የተቃረቡበት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 588 ዓመት ገደማ ነው። ከደብዳቤዎቹ በአንዱ አንድ መኮንን ለአለቃው ሲጽፍ፣ ከለኪሶ የሚመጣውን የእሳት ምልክት እየጠበቁ መሆናቸውን፣ የዓዜቃ ምልክት ግን እንደማይታያቸው ይናገራል። ትንቢተ ኤርምያስ በምዕራፍ 34 ከይሁዳ የተመሸጉ ከተሞች የቀሩት እነዚሁ ሁለቱ እንደነበሩ ይጠቅሳል። ብዙዎች ስባሪውን የሚያነቡት ዓዜቃ የወደቀችበት ሰዓት አድርገው ነው፤ የማይስማሙም አሉ። በየትኛውም ንባብ መኮንኑ ሥራውን ሠርቷል። ያየውን ጻፈ፤ ያላየውንም አላየሁም ብሎ ጻፈ። የማይታየውን እሳት ታየኝ ብሎ አለቃውን ለማስደሰት አልሞከረም። ከ2,500 ዓመት በላይ ተሻግሮ የደረሰን የታማኝ ጠባቂ ደብዳቤ ይህ ነው።

በጉበኛው እጅና በሰሚው ራስ

መጽሐፍ ቅዱስ ጉበኛውን ከኃይለኛ ይልቅ ባለዕዳ አድርጎ ያየዋል። በኢሳይያስ ምዕራፍ 5 የወይን አትክልት የተከለው ባለቤት በመካከሉ ግንብ ይሠራል፤ የእኛ ገበሬ ማሳው መሐል ማማ እንደሚሠራው ማለት ነው። በምዕራፍ 21 ነቢዩ ያየውን የሚናገር ጉበኛ እንዲያቆም ይታዘዛል፤ ጉበኛውም ቀንና ሌሊት ቆሞ የባቢሎንን መውደቅ ያያል። ዕንባቆም ደግሞ ለእግዚአብሔር ጥያቄ አቅርቦ መልሱን ለማየት መጠበቂያው ላይ ይቆማል። ማማ ላይ የወጣ ሰው ጠያቂም መሆን እንደሚችል ከዚህ እንማራለን።

ሕግ ሆኖ የተጻፈው ግን በሕዝቅኤል ምዕራፍ 33 ነው። ሰይፍ ሲመጣ አይቶ መለከት ያልነፋ ጉበኛ የሟቹ ደም ከእጁ ይፈለጋል። መለከቱ ተነፍቶ ሰምቶ ያልተጠነቀቀ ሰው ግን ደሙ በራሱ ላይ ነው። ልብ እንበል፤ ፍርዱ ሁለት ወገን አለው። ጠባቂውን ዝም አትበል ይለዋል፤ ሕዝቡንም ደንቆሮ አትሁን ይለዋል። እኛ ብዙውን ጊዜ አንዱን ወገን ብቻ እንይዛለን። መሪ፣ ጋዜጠኛ፣ ምሁር ለምን አልተናገረም እያልን እንወቅሳለን፤ የተናገረውን ምን እንዳደረግነው ግን አንጠይቅም።

ሙሉው በግዕዝ ብቻ ተጠብቆ የኖረልን መጽሐፈ ሄኖክ ደግሞ ሌላ መልክ ያሳየናል። ትጉሃን የተባሉት መላእክት እንቅልፍ የሌላቸው ጠባቂዎች ናቸው። ከእነሱ 200 የሚሆኑት ተማምለው በአርሞንኤም ተራራ ላይ ይወርዳሉ፤ ምድርም በእነሱ ምክንያት በግፍና በደም ትሞላለች። የእነዚህ ጥፋት እንቅልፍ አልነበረም፤ ሁሉንም እያዩ ስፍራቸውን ለቀቁ። እንዲጠብቁት የተሾሙበትን ነገር ለራሳቸው ወሰዱት። ሰብል ጠባቂው ራሱ እሸቱን ሲበላ ወፉን ማን ይከለክለዋል? ሥልጣንን፣ ዕውቀትን፣ የሕዝብ ገንዘብን ለሚጠብቅ ሁሉ ከሄኖክ የበለጠ ማስጠንቀቂያ አላውቅም።

በእስልምናም ድንበር ላይ ቆሞ ማደር አምልኮ ነው። ሪባጥ የሚባሉት ምሽጎች የሰላትና የጥበቃ ቤት በአንድነት ነበሩ። በቱኒዚያ ሞናስቲር ከተማ እ.ኤ.አ. በ796 የተመሠረተው ሪባጥ ማማው ዛሬም ባሕሩን እያየ ቆሟል። በሐዲስ እሳት ከማይነካቸው ዓይኖች መካከል አላህን ፈርቶ ያለቀሰና በአላህ መንገድ ሲጠብቅ ያደረ ዓይን ይቆጠራሉ። ለሌላው ሲል እንቅልፉን ያጣ ዓይን ክቡር እንደሆነ ሁለቱም እምነቶች ይስማማሉ።

ወደ ቤተ ክርስቲያናችን ማኅሌት ስንገባ ጥበቃው ዜማ ሆኖ እናገኘዋለን። የበዓል ሌሊት ሀገር ሲተኛ ሊቃውንቱ መቋሚያ ይዘው ይቆማሉ። የቅዱስ ያሬድን ዜማ በቀኝና በግራ ተሰልፈው ይቀባበሉታል፤ አንዱ ወገን ሲያነሣ ሌላው ያርፋል፣ ያረፈው ሲቀበል ያነሣው ይተነፍሳል። ሌሊቱን ሙሉ መቆም የሚቻለው ለዚህ ነው። ብቻውን የሚያዜም ሰው ከእኩለ ሌሊት አያልፍም። ንቃት ያለ ቅብብል ዘላቂ እንደማይሆን ያሬዳውያኑ ከማንም በፊት አውቀውታል።

መለከቱና ጊታሩ

የጥበቃ ማማ ከድሮም ድምፅ አለው፤ ዓይን ያየውን ለሩቅ ሰው የሚያደርሰው ድምፅ ነውና። በስዊዘርላንድ የሎዛን ካቴድራል ላይ ከ1405 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሌሊት ጠባቂ አለ። ከምሽቱ አራት ሰዓት እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት በየሰዓቱ ወደ አራቱም አቅጣጫ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሰዓቱን ይናገራል። የተጀመረው ከእንጨት የተሠሩ ቤቶችን እሳት እንዳይበላቸው ነበር። ዛሬ ሎዛን የእሳት አደጋ መኪናም ስልክም አላት፤ ጠባቂው ግን አልተሻረም። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ቦታውን ሴት ያዘችው። ከስድስት መቶ ዓመት በላይ ወንድ ብቻ የወጣበትን ደረጃ ልጅቷ ስትወጣ ልማዱ አልፈረሰም፤ አዲስ ተረኛ አገኘ።

በፖላንዷ ክራኮው ከቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ማማ ላይ በየሰዓቱ መለከት ይነፋል። ነፊዎቹ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ናቸው። ዜማው ወደ አራቱም አቅጣጫ አራት ጊዜ ይደጋገማል፤ ሁልጊዜም መሐል ላይ ድንገት ይቆረጣል። እ.ኤ.አ. በ1241 ታታሮች ከተማዋን ሲወርሩ መለከት ሲነፋ የነበረው ጠባቂ ጉሮሮውን በቀስት ስለተመታ ነው ይላል አፈ ታሪኩ። የፖላንድ ሬዲዮ ከ1927 ጀምሮ ይህን ዜማ በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ለሀገሩ ያሰማል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በግንቦት 1944 (እ.ኤ.አ.)፣ የፖላንድ ወታደሮች በጣሊያን ሞንቴ ካሲኖን ሲይዙ እዚያው ፍርስራሹ ላይ ይህንኑ ነፉ። አንድ ሕዝብ ያልተጨረሰ ዜማን አልጨርስም ብሎ ይዞ ሲኖር፣ የጠባቂው ሥራ ያላለቀ መሆኑን ለልጆቹ በየሰዓቱ እየነገራቸው ነው።

ጀርመናዊው ቄስ ፊሊፕ ኒኮላይ ደግሞ ኡና በምትባል ከተማ ሲያገለግል ወረርሽኝ ገብቶ ከሺህ በላይ ሰው ቀበረ። ከዚያ ሐዘን ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1599፣ የማማ ጠባቂዎች የተኛችውን ከተማ ሲቀሰቅሱ የሚያሳይ መዝሙር አወጣ። ዮሐን ሴባስቲያን ባኽ በ1731 በላይፕሲግ ያንን መዝሙር ወደ ታላቅ ካንታታ አሳደገው፤ ዛሬም በዓለም ሁሉ ይዘመራል። የሞት ከተማ ቄስ ለሕዝቡ የሰጠው የልቅሶ እንጉርጉሮ ሳይሆን የንቃት ዜማ መሆኑ ይገርመኛል።

አሜሪካ ውስጥ በታኅሣሥ 31 ቀን 1862 (እ.ኤ.አ.) ሌሊት ጥቁሮች በየጸሎት ቤታቸው ተሰብስበው አደሩ። በነጋታው የሊንከን የነፃነት አዋጅ ሊጸና ነበር። እየዘመሩ፣ እየጸለዩ ንጋትን ጠበቁት። በዚያ ሌሊት የጠበቁት እንደ ሌላው ጊዜ ጠላትን አልነበረም፤ መልካም ወሬን ነበር። ጥበቃ አደጋን ብቻ የሚያይ ከሆነ ሰውን ያደርቃል፤ ንጋቱንም አይቶ የሚያበስር መሆን አለበት።

ቦብ ዲላን እ.ኤ.አ. በ1967 ስለ ጥበቃ ማማ የሠራው አጭር ዘፈን ከሁሉም ይበልጥ ታውቋል። ብዙ ተንታኞች ከኢሳይያስ ምዕራፍ 21 ጋር ያገናኙታል። በዘፈኑ ውስጥ ሁለት ሰዎች ስለ ዘመናቸው ግራ መጋባት ያወራሉ፤ መጨረሻ ላይ መሳፍንት ከማማ ሆነው ሲያዩ ሁለት ፈረሰኞች ከሩቅ ሲመጡ ይታያል። ምን ይዘው እንደመጡ አይነገርም፤ ዘፈኑ ታሪኩ ሊጀምር በሚገባው ቦታ ያልቃል። በሚቀጥለው ዓመት ጂሚ ሄንድሪክስ በኤሌክትሪክ ጊታሩ ሲያነሣው ጸጥተኛው ዘፈን ማዕበል ሆነ። የቬትናም ጦርነት ዘመን ወጣት የራሱን ፍርሃት ሰማበት። ሄንድሪክስ በ1970 በ27 ዓመቱ ሞተ። ዲላን ግን ከዚያ ወዲህ የራሱን ዘፈን መድረክ ላይ ሲጫወት በሄንድሪክስ አኳኋን አደረገው፤ ታላቁ ከታናሹ ተቀበለ። የትውልድ ቅብብል ሁልጊዜ ከላይ ወደ ታች ብቻ አይሄድም።

በእኛው ማማ ላይ የሆነው

ሩቅ ሀገር የቆየሁት ቤታችንን አጥርቶ ለማየት ነው። የቅርብ ታሪካችን ይህን ውል ደጋግሞ ፈትኖታል።

በ1965 ዓ.ም. ወሎ ውስጥ ረሃብ ሲገባ የሚያዩ ዓይኖች ሞልተው ነበር። ገበሬው አይቷል፤ ሹሙ አይቷል፤ በመኪና የሚያልፈው መንገደኛ በአስፋልቱ ዳር የወደቀውን አይቷል። መንግሥት ግን ነገሩን ሸፋፈነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ወርደው ያዩትን በፎቶግራፍ ይዘው መጡ፣ አሳዩ። የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ለዓለም ታየ፤ በመስከረም 1967 ዓ.ም. ንጉሡ ከዙፋን በወረዱበት ዋዜማ ደግሞ በራሳችን ቴሌቪዥን ታየ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይላል የሀገራችን ሰው። ጩኸቱ ዙፋን ገለበጠ፤ የሞተውን ግን አልመለሰም።

ከዚያ ትምህርት ተወስዶ የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቋመ። የዝናቡን፣ የሰብሉን፣ የገበያውን ዋጋ የሚከታተል የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥራም ተደራጀ። ማማ ተሠራ ማለት ነው። በመጋቢት 1976 ዓ.ም. የኮሚሽኑ ኃላፊ ለለጋሾች አደጋው እንደቀረበ ተናገሩ። ለጋሾቹ ተጠራጠሩ፤ መንግሥት ደግሞ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በዓል ሽርጉድ ላይ ነበር። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. የቢቢሲው ማይክል በርክና ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ከኮረም ያሳዩት ምስል ዓለምን እስኪያስለቅስ ድረስ ሰዓቱ አልፎ ነበር። በ66ቱ ጉበኛው አፉ ተያዘ፤ በ77ቱ ጉበኛው ተናገረ፣ ሰሚ ግን አጣ። ሁለቱ ጥፋቶች ይለያያሉ፤ መቃብሮቹ ግን ይመሳሰላሉ።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ተራራ ተንዶ ሰዎች ተቀበሩ። ጎረቤት ለማዳን በባዶ እጁ ጭቃውን ሲዝቅ ሁለተኛው ናዳ መጣበት። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ወገኑን ሊያወጣ የሮጠውን ማንም ሊወቅስ አይችልም፤ ከዚህ የሚበልጥ ፍቅር የለም። የቀረን ዕዳ ግን አለ፤ ሁሉም ጎንበስ ብሎ ሲቆፍር ቀና ብሎ ተራራውን የሚያይ አንድ ሰው ማቆምን መልመድ አለብን። ይህ ፍቅር ማጉደል አይደለም፤ የፍቅር ሥርዓት ነው።

ዛሬ ደግሞ የዡን ንጉሥ እሳት እያንዳንዳችን በኪሳችን ይዘናል። በስልክ የተለቀቀ አንድ የውሸት ወሬ፣ ከሌላ ሀገርና ከሌላ ዓመት የተነሣ አንድ ፎቶግራፍ፣ መንደርን ከመንደር ለማጋጨት በቂ ሆኖ አይተናል። ለመሳቅ ወይም ለመታየት የለኮስነው እሳት፣ እውነተኛው አደጋ ሲመጣ የሚሰማን ያሳጣናል። ይህን ያህል ሰው ማማ ላይ ወጥቶ፣ ይህን ያህል ጥቂት ሰው ሲጠብቅ ታይቶ አይታወቅም።

ጥሪው

ተራ መቀባበልን የሚያስተምረን ከውጭ አይመጣም። በኮንሶ በድንጋይ በታጠሩት መንደሮች ሞራ የሚባል የጋራ ሸንጎ አለ። እዚያ ባለው ቤት ያላገቡ ወጣቶች ያድራሉ፤ ሌሊት እሳት ቢነሣ፣ አደጋ ቢመጣ ቀድመው የሚደርሱት እነሱ ናቸው። አዲስ ትውልድ ኃላፊነቱን ሲረከብ የትውልድ ግንድ ይተከላል፤ ግንዶቹን የቆጠረ የመንደሩን ዕድሜ ያውቃል። በኦሮሞ ገዳ ሥርዓት ሥልጣን በየ8 ዓመቱ ይተላለፋል፤ የሚያስረክበው እንደሚያስረክብ፣ የሚረከበውም እንደሚረከብ ቀድሞ ያውቃል፣ ይዘጋጃል። ማኅሌቱ በቀኝና በግራ ይቀባበላል። ጥበቡ በእጃችን ነው፤ ያነሰን መጠቀሙ ነው።

አባቶችና እናቶች ሆይ፣ የመጀመሪያው ጥሪ ወደ እናንተ ነው። የ66ቱን፣ የ77ቱን፣ የቀይ ሽብሩን ዘመን ያያችሁ ዓይኖች አሁንም አላችሁ። ያያችሁትን ሳታጋንኑና ሳትደብቁ ንገሩን። የራሳችሁ ወገን ያጠፋውንም ጨምሩበት፤ ግማሹን ብቻ የሚያይ ጠባቂ በግማሽ በኩል በር ይከፍታልና። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም እያላችሁ ያሳደጋችሁን ጊዜ ነበር፤ ያ ምክር በክፉ ቀን ነፍስ አትርፎ ይሆናል። ማማ ላይ ላለ ሰው ግን አይሆንም። ደግሞም ከደረጃው ላይ ትንሽ ፈቀቅ በሉ። ሃያ ዓመት ያለፈውን ሰው አንተ ገና ልጅ ነህ ማለት ማሳውን ያለ ጠባቂ ማስቀረት ነው።

ወጣቶች፣ እናንተም ስሙ። ማየት ለእናንተ ከማንም በላይ ቀሏል፤ ከባዱ መለየት ነው። ከማሰራጨታችሁ በፊት ጠይቁ፦ ማን አየው? መቼ? የት? ካላወቃችሁ እንደ ለኪሶው መኮንን አላየሁም ለማለት አትፈሩ። ያያችሁትን ግን አትዋጡ። የደረቀውን ምንጭ፣ የተሰነጠቀውን ተራራ ዳር፣ ከትምህርት ቤት የቀረችውን ልጅ፣ ያለ ዕድሜዋ ልትዳር የታጨችውን ጎረቤት፣ በደላላ ተታልሎ ወደ በረሃ ሊሄድ የተነሣውን ጓደኛ አይታችሁ ዝም ብትሉ፣ ሕዝቅኤል የጻፈው ፍርድ ይመለከታችኋል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

ባለሙያዎች፣ የሜትሮሎጂውም፣ የጤናውም፣ የግብርናውም፣ የጋዜጠኝነቱም፣ ዕውቀታችሁ የአደራ ስፍራ ነው። ሪፖርታችሁ መሳቢያ ውስጥ ከተቆለፈ አልተናገራችሁም። ገበሬው በሚገባው ቋንቋ፣ ዘር ሳይዘራ በፊት፣ ውሃው ሳይሞላ በፊት ንገሩት። አለቃ የሚወደውን ቁጥር ሳይሆን ማሳው የሚለውን ቁጥር አቅርቡ። ከስፍራቸው የወረዱትን ትጉሃን አስቡ፤ እንድትጠብቁት የተሰጣችሁን ለራሳችሁ አትውሰዱ።

በውጭ ያላችሁ ወገኖቻችን፣ እዚህ ሲመሽ በዋሽንግተን ገና ቀን ነው፤ እኛ ስንተኛ እናንተ ነቅታችኋል። ይህ መልካም ተራ ነው። ከሩቅ ሲታይ ግን ጭሱ እንጂ የሚነድደው አይለይም፤ ስለዚህ ከመጮኻችሁ በፊት ማሳው ውስጥ ላለው ሰው ደውሉ። የጩኸታችሁን ዋጋ የሚከፍለው እዚህ ያለው ነውና። በቤሩትና በሪያድ በሰው ቤት የምትሠራ እህታችንንም ማን እየጠበቃት እንደሆነ ጠይቁ፤ ቀድሞ የሄደ ለሚከተለው መንገዱን በእውነት ይንገረው።

ለሁላችንም የሚሆን አንድ የመጨረሻ ግዴታ አለ፤ እሱም የሰሚው ነው። የሚያስጠነቅቀንን ሰው ዘሩን፣ ሃይማኖቱን፣ የማን ወገን መሆኑን ከመጠየቃችን በፊት ያየውን እንጠይቀው። ተሳስቶ ከሆነ እናርመው፤ እውነት ከሆነ እንንቃ። መጥፎ ወሬ ያመጣን በድንጋይ የሚወግር ሕዝብ በሚቀጥለው ጊዜ ወሬ አምጪ አያገኝም። ማማ ላይ ያለ ሰው ስንቅ፣ ካፖርትና ከለላ ይፈልጋል፤ ይህን የሚያቀርበው ከታች ያለው ነው።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጥ ነው። ሀገር መጠበቅ ለአንድ መንግሥት፣ ለአንድ ትውልድ፣ ለአንድ ወገን ከተተወ ይከብዳል፤ ከተከፋፈልነው እንችለዋለን። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ሌላ ሰው እስኪወጣ አትጠብቅ። በሰፈርህ፣ በመሥሪያ ቤትህ፣ በቤተሰብህ አንተ የምታየውና ሌላው የማያየው አንድ ነገር አለ፤ እሱን አጣርተህ በዚህ ሳምንት ለሚመለከተው ሰው ንገር። አንቺም እንዲሁ። ከዚያም ተራችሁን ስትጨርሱ ለማን እንደምታስረክቡ ከአሁኑ አስቡና ያንን ልጅ ማሠልጠን ጀምሩ።